አርባቸው ሳይወጣ የተሰረዙ መጻሕፍት

አዲሱ መሥሪያ ቤቴ በገባሁ ቀን አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «በፊት ምን ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ። «የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ» አልኳት። «እ፣ መጽሐፍ የምታበድሪ» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። አይደለም ልላት ፈልጌ ነበር፤ እንደ ልማዴ አፍሬ እኔም ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። አሁን የምሠራው በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የካሳ ጥያቄዎችን ማጣራት ነው። ደመወዙ ከበፊቱ ይሻላል፣ ወንበሩም አይነቃነቅም። ለዚያች ልጅ ያልመለስኩላት መልስ ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቷል፤ እዚህ የማሰፍረው እሱን ነው።

የተማርኩት ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው። እንደተመረቅሁ ሥራ ያገኘሁት ሳንሱሲ፣ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ንባብ ቤት ነበር። አለቃዬ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን መጽሐፍ የሚጠበቀው ሲቆለፍበት ነው ብለው ያምናሉ። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንባቢ ሲመጣ «ምን ሊያደርግልህ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ልጆቹ ሒሳብ ሊያነቡ መጥተው ወደ ፑል ቤት ይሄዳሉ። እዚያ አቧራ ማራገፍን ተማርኩ፤ ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደማይሠራም ተማርኩ።

ከዚያ ኮልፌ ወደሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ተዛወርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ መንገዱን ይዘው የእንጨት ሥራ ቤቶች ተደርድረዋል። መጋዙ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ጸጥታ የሚመጣው ወይ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ነው፣ ወይ መብራት ሲጠፋ። እትዬ አማረችን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

እትዬ አማረች የካታሎግ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ክፍሉ ማለት እሳቸው፣ እኔና ሁለት ኮምፒውተር ነው። ሁለት መነጽር አላቸው፤ አንዱ ለኮምፒውተሩ፣ አንዱ ለሰው። የመጣ ሰው መነጽሩን እስኪቀይሩ መጠበቅ አለበት፤ ብዙ ተማሪ በዚያ መሐል ጥያቄውን ራሱ መልሶ ይሄዳል። ሥራ የጀመሩት የመጽሐፍ ካርድ በመሳቢያ በሚደረደርበት ዘመን ነው። አሠራሩ በተቀየረ ቁጥር ከእኛ ከልጆቹ ጋር ስልጠና ተቀምጠው፣ ያልገባቸውን እጃቸውን አውጥተው ይጠይቃሉ። እኔ ገብቶኝም እጄን ማውጣት የማልችል ሰው ስለሆንኩ ይህ ብቻ ይገርመኝ ነበር።

ሥራችን ይህ ነው። ኮሌጁ ከውጭ አቅራቢ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ይከራያል። እያንዳንዱ መጽሐፍ በእኛ ካታሎግ ውስጥ የራሱ መዝገብ አለው፤ ርዕሱ፣ ደራሲው፣ የታተመበት ዓመት፣ ሲጫኑት መጽሐፉን የሚከፍተው ማገናኛ። ኪራዩ ሲያልቅ ወይም መጽሐፉ ሲያረጅ አቅራቢው ይዘጋዋል። መዝገቡ ግን እኛ ዘንድ ይቀራል። ተማሪው ርዕሱን አግኝቶ ደስ ብሎት ሲጫን የተዘጋ በር ያገኘዋል። እትዬ አማረች እንዲህ ያሉትን መዝገቦች «የሟች ስልክ» ይሏቸዋል። «ስሙ ስልክሽ ላይ አለ፤ ስትደውዪ የሚያነሳ የለም። ልጁ አንዴ ደውሎ ካጣ፣ ሁለተኛ እኛ ጋ አይደውልም።»

እነዚህን መዝገቦች አንድ በአንድ መሰረዝ አይቻልም፤ ብዙ ናቸው። በጅምላ ተመርጠው፣ በጅምላ ነው የሚጠፉት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህ አንድ ቁልፍ መጫን ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ምርጫውን ጨርሼ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ሳለሁ፣ እትዬ አማረች መነጽራቸውን ቀይረው አዩኝ።

«ሂሩት፣ ጣትሽን አንሺ።»

አነሳሁ።

«ከላይ አንዱን ክፈቺ። ከመሐል አንዱን። ከታች አንዱን። ሁሉም መሞታቸውን በዓይንሽ እዪ። ሞቱ ሳይረጋገጥ መርዶ ይነገራል?»

«አይነገርም።»

«ከዚያ ግልባጩን አስቀምጪ። ከዚያ እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትጫኛለሽ። ብቻውን የሚያጠፋ ሰው የሚያየው ማየት የሚፈልገውን ነው።»

ተጫንኩ። መዝገቦቹ ግን አልጠፉም፤ ከተማሪው ዓይን ብቻ ተሰወሩ። ግራ ተጋብቼ እትዬ አማረችን ሳያቸው ሳቁ።

«አርባቸው ይውጣ እንጂ! ምን አስቸኮለሽ?»

ይህ የእሳቸው ሕግ ነበር። የሚሰረዝ መዝገብ ሁሉ መጀመሪያ ይሸሸጋል፤ ኀዘንተኛ ካለው በአርባ ቀን ውስጥ መጥቶ ያለቅሳል፤ የሚያለቅስ ከጠፋ ያኔ ይሰረዛል። በኮምፒውተር ክፍል ያሉት ልጆች «እትዬ፣ ንፍሮውስ?» እያሉ ያፌዙባቸዋል። እሳቸውም «አንተ ስትጠፋ በሦስትህ ነው የምሰርዝህ» ይሏቸዋል። ሕጉ ግን ፌዝ አልነበረም። አንድ ጊዜ የነርሲንግ መምህርት፣ አርባው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። የመጽሐፉ አዲስ እትም የደም ሥሮቹን ሥዕል አስቀርቶታል፤ እሷ የምታስተምረው በአሮጌው ነው። እትዬ አማረች አልተከራከሯትም። ለአቅራቢው ጻፉ፣ አሮጌው እትም እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ተከፈተላት፣ መዝገቡም ከተሸሸገበት ወጣ። «ለመጽሐፍ ያረጀ የሚባል ነገር የለም» አሉኝ፤ «አንባቢው የሄደበት መጽሐፍ ነው ያለው።»

ከኪራዮቹ ሌላ የራሳችን የሆኑ ጥቂት መዝገቦች ነበሩ። ኮሌጁ ውስጥ ማየት የተሳናቸው የሕግ ተማሪዎች አሉ። የአማርኛ የሕግ መጻሕፍትና የመምህራን ማስተማሪያ ጽሑፎች ለእነሱ በድምፅ የሚገኙበት ቦታ ስላልነበረ፣ እትዬ አማረች ማስቀዳት ጀመሩ። መጋዙ ምሳ ሲወጣ እሳቸው ምሳቸውን ትተው ያነባሉ። ፈቃደኛ መምህራንም ያነባሉ። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሲያማርር እሳቸው መቅጃውን በባትሪ ይዘው «ተመስገን» ይላሉ። እነዚህ ቅጂዎች በካታሎጉ የተመዘገቡት እንደ ኪራዮቹ ሁሉ «የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ» ተብለው ነው፤ ሌላ ዓይነት አልነበረውማ።

ከሚያዳምጡት ሁሉ ብርቱው ሰለሞን ነበር። የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ቀልደኛ፣ ነገረኛ። የተጻፈውን በድምፅ በሚያነበው፣ «የሚናገረው» በምንለው ኮምፒውተር ጥግ ይቀመጥና ጆሮ ማዳመጫውን ያጠልቃል። እኔ ዝም ብዬ ስለማልፍ በጣም ይናደድብኛል። «ሂሩት፣ አለሽ ወይስ ወጥተሻል? ቢያንስ ጫማሽን ጎትቺው እንጂ፣ ድመት ነሽ እንዴ?» ይላል። ከዚያ ወዲህ እሱ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር።

እንግዲህ ከባዱ ነገር የመጣው የጥራት ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው በተባለ ጊዜ ነው። ምክትል ዲኑ አቶ ጌታሁን ካታሎጉን ራሳቸው ሞክረው፣ ተከታትለው የተዘጉ በሮች አገኙና ፊታቸው ቀልቶ መጡ።

«እትዬ አማረች፣ ይሄ ካታሎግ እኮ ቆሼ ሆኗል!»

«ቆሼም ላይ ቢሆን አቶ ጌታሁን፣ ለቃሚዎቹ ለይተው ነው የሚያነሡት።»

«የመለያ ጊዜ የለንም። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሁሉ ይውጣ። በዚህ ሳምንት።»

«አርባው...»

«እትዬ፣ እባክዎ! ተቆጣጣሪው አርባ አይጠብቅልንም።»

እትዬ አማረች መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ኮሌጁ ፈቃዱን ቢያጣ ተማሪው ሁሉ እንደሚበተን እናውቃለን። «እሺ» አሉ። እሺ ሲሉ የሰማኋቸው አልፎ አልፎ ነው።

የቀረውን ሁሉ በወጉ ነው የሠራነው። ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ከፈትን፤ ሦስቱም የውጭ መጻሕፍት፣ ሦስቱም የሞቱ። ግልባጩን አስቀመጥን፤ እሱንም ከሦስት ቦታ ከፈትን፤ ደህና ነው። እሳቸው አነበቡ፣ እኔ ተጫንኩ። በዚህ ጊዜ የተሸሸገ ነገር የለም፤ ሁሉም ጠፋ። አቶ ጌታሁን በማግሥቱ ሞክረው አንድም የተዘጋ በር አላገኙም፤ ደስ ብሏቸው ለሁለታችንም ለስላሳ ላኩልን።

ለስላሳው ጠርሙስ ገና ጠረጴዛችን ላይ እንዳለ፣ ከጥጉ የሰለሞን ድምፅ መጣ።

«እትዬ አማረች! ይሄ ማሽን ዛሬ ምን ነክቶታል? ‹ምንም አልተገኘም› ነው የሚለኝ።»

«ምንድን ነው የፈለግኸው?»

«የውል ሕግ። ከዚያ የቤተሰብ ሕግ። ከዚያ ተናደድኩና ‹ሕግ› ብቻ ብዬ ጻፍኩለት። አገሩ ሕግ የለውም አለኝ!»

ከእኛ በቀር የንባብ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እትዬ አማረች መነጽራቸውን ሳይቀይሩ፣ በኮምፒውተሩ መነጽር እየተደናበሩ ወደ ጥጉ ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭዎቹ መጻሕፍት የታተሙበት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ተመዝግቧል። የእኛዎቹን ቅጂዎች ግን እትዬ አማረች ራሳቸው በእኛ አቆጣጠር ነበር የመዘገቧቸው፤ አንባቢው የሚያውቀው ያንን ነው ብለው። ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ከየት ያውቃል? ሦስት ዓመት የሆነው ቅጂ ለእሱ አሥር ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ ከዚያ የሚያንስ ደግሞ ከእኛዎቹ አንድም አልነበረም። ከሺዎቹ የእንግሊዝኛ መዝገቦች መሐል የእኛዎቹ ጥቂቶች ስለነበሩ፣ ከላይ ከመሐል ከታች ስንከፍት አላገኘናቸውም።

«ግልባጩ አለ» አልኩ። ከፈትነው። እንግሊዝኛው እንዳለ አለ። በአማርኛው ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል። ግልባጩን ያወጣው ፕሮግራም ፊደላችንን አያውቀውም። ርዕስ፣ ደራሲ፣ ምዕራፍ፣ ሁሉም የጥያቄ ምልክት። ድምፆቹ ማከማቻው ውስጥ በቁጥር ተቀምጠዋል፤ የትኛው ቁጥር የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ማከማቻው መዝገቡ የተሰረዘ ፋይል ሲያገኝ በራሱ ጊዜ ይጠርግ ነበር። እየሮጥን ስናስቆመው የወንጀል ሥነ ሥርዓቱ ቅጂ ከግማሽ በላይ፣ የማስረጃ ሕጉም መጨረሻ ጠፍቷል።

የሰለሞን የመውጫ ፈተና ደርሶ ነበር። ያን ፈተና ያላለፈ ተማሪ አምስት ዓመት ተምሮም አይመረቅም። እሱ ደግሞ የሚያጠናው በእነዚህ ቅጂዎች ብቻ ነው።

አቶ ጌታሁን ተጠርተው መጡ። «ማን ነው ይሄን ያደረገው?» አሉ። እኔ ወለሉን አየሁ። እትዬ አማረች ግን ሰው የሚያዩበትን መነጽር አድርገው ቆሙ።

«እኔ ነኝ። ዓመቱን በሁለት ዓይነት አቆጣጠር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አርባውንም የተውኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አዘዙ፣ እኔ እምቢ ማለት እችል ነበር። አሁን የምፈልገው ነገር አለ።»

«ምን?»

«ቢሮዎን። ጀርባው ወደ ጓሮ ነው፣ መጋዙ ብዙ አይሰማበትም። ምሳ ሰዓት ሳንጠብቅ መቅዳት አለብን።»

አቶ ጌታሁን ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ጽፈውላቸዋል፤ እትዬ አማረች ፈርመው ተቀበሉ፣ ስለ እሱ ሁለተኛ አላነሡም።

ድምፆቹን መለየት ሰለሞን ከሌለ የማይሆን ነበር። አንዳንዱ ቅጂ ርዕሱን ተናግሮ ይጀምራል፤ አብዛኛው ግን ከአንቀጽ መሐል ነው የሚነሳው። ሁለታችን በአንድ ኮምፒውተር ጆሮ ማዳመጫ ተካፍለን ተቀመጥን። እኔ እከፍታለሁ፣ እሱ ጥቂት ይሰማና ይፈርዳል።

«ይሄ የንብረት ሕግ ነው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ። መምህሩ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ስሚው አፍንጫውን ሲስብ። ቀጥዪ። ይሄ... ዝናብ አለ፣ ቆርቆሮው ይሰማሻል? እትዬ ናቸው፤ የቤተሰብ ሕግ። ይሄኛው ላይ መጋዙ ከምሳ ቀድሞ ይመለስባቸዋል፤ ቆይ... ይኸው! እትዬ ‹ይቅርታ› ብለው ያቆማሉ።»

ልክ እንዳለው መጋዙ ጮኸ፣ እትዬ አማረችም ከሦስት ዓመት በፊት «ይቅርታ» አሉ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ኧረ ሂሩት! ትስቂያለሽ እንዴ? እኔ እኮ ከግድግዳ ጋር የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር።»

እንዲህ ፈጥነን ስንሄድ እትዬ አማረች መጡና አስቆሙን። የተለየው ቅጂ ሁሉ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉ፣ ከመጨረሻው እንደገና እንዲሰማ፣ ሁለታችንም ሳንስማማ ስም እንዳይሰጠው አዘዙ። ሰለሞን ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«እትዬ፣ ፈተናው ደርሷል እኮ! እኔ አውቃቸዋለሁ አልኩ።»

«ታውቃቸዋለህ። የንብረት ሕግ ብለህ ከፍተህ የውርስ ሕግ ቢነበብልህ ግን ስንት ገጽ ሄደህ ነው የምትነቃው? የጠፋ መጽሐፍ ይሻላል፣ ቢያንስ ትፈልገዋለህ። ስሙ የተሳሳተውን ግን አምነህ ትቀመጣለህ።»

«እሺ፣ ዳኛ» አለና ጆሮ ማዳመጫውን መለሰ። እንደገና ስንሰማ እሱ ራሱ ሁለት ቦታ ተሳስቶ ተገኘ። አንዱን እኔ ነበርኩ ያገኘሁት፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነገርኩት።

የጠፋው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደግሞ እንደገና መነበብ ነበረበት። እትዬ አማረች በአቶ ጌታሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምፃቸው እስኪዘጋ አነበቡ። ሲዘጋ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፉት። አልችልም ለማለት አፌን ስከፍት መቅጃው ቀይ መብራቱን አብርቷል። ያነበብኩትን ሰለሞን በማግሥቱ ሰማው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን አንቀጹ ሊያልቅ ሲል ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። እኔም አብሬሽ ስይዝ ልሞት ነው።»

ሁለት ምዕራፍ እኔ አነበብኩ፣ ሌላውን እሳቸው። አቶ ጌታሁንም አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው፣ ኮታቸውን አውልቀው የዋስትናውን ክፍል አነበቡ፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያነቡ ነበር የሚመስሉት። ሁሉም አላለቀም፤ የማስረጃ ሕጉ መጨረሻ ለፈተናው አልደረሰም። ሰለሞን ያንን ክፍል ጓደኛው እያነበበለት አጠና።

እትዬ አማረች በዚያ ሰሞን ያስተማሩኝ ነገር በትምህርት ቤት አልተነገረኝም። በሥራቸው የኖሩ ሰዎች ሲሳሳቱ ብዙ ጊዜ ወይ ይሸሻሉ፣ ወይ በራሳቸው ላይ ይጨክናሉ። እሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። ስህተታቸውን እንደ አንድ መዝገብ አነሡት፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች አዩት፤ ከዚያ አሠራሩን ለወጡት። ከዚያ ወዲህ ስንመርጥ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ለየብቻ ከፍለን ነው የምንፈትሸው፤ ግልባጩም አማርኛው በዓይን ሳይታይ ግልባጭ አይባልም። አርባውን ግን ለማንም አልተዉም፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣም ባይመጣም።

የፈተናው ውጤት የወጣ ዕለት ሰለሞን ደረጃውን በዘንጉ እየመታ መጣ። ውጤቱ የተለጠፈው ከወረቀት ላይ በተነሳ ፎቶ ስለነበር የሚናገረው ኮምፒውተር ሊያነበው አልቻለም። ጓደኞቹ ከኋላው ተከትለውት ነበር፤ ስልኩን ግን ለእነሱ አልሰጠም። እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«እነዚህ ሰምተው ሳይጨርሱ ይጮኻሉ» አለ። «የምትጮህ አልፈልግም። የምታነብልኝ ነው የምፈልገው። ከስሙ ጀምሪ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። መስመሩን በጣቴ ይዤ አነበብኩ፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የትምህርት ክፍሉን። ከዚያ ውጤቱን።

«አልፏል።»

ጓደኞቹ ሊጮኹ ሲሉ እጁን አነሳ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቅጂ ሲያዳምጥ እንደሚሆነው ነበር የሆነው።

«ከእኔ በላይ ያለው መስመር ማን ነው?»

የሌላ ልጅ ስም አነበብኩለት፤ ውጤቱንም።

«ከበታቼስ?»

እሱንም አነበብኩ።

«አሁን መሐሉን ድገሚልኝ።»

ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን፣ ቁጥሩን፣ ክፍሉን ደገምኩ። እትዬ አማረች ከጠረጴዛቸው ተነሥተው አጠገቤ መጥተው ነበር፤ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ያንኑ መስመር ከእኔ ጋር ያያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቃሉን አንድ ላይ አልነው።

«በሉ» አለ ሰለሞን ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «አሁን ጩኹ።»